ዴድሊፍት ለመቀየር ላሰበ፦ ጄፈርሰን፣ ዘርቸር፣ ስናች ግሪፕ፣ ሱትኬዝ ወይስ ትራፕ ባር?

"ዴድሊፍት ስሠራ ወገቤን ይይዘኛል፤ ሌላ ዓይነት የለውም ወይ?" ባሕር ዳር ውስጥ ጂም የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ስለ ዴድሊፍት፣ ማለትም ክብደትን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ ስለ መቆም፣ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። መልሱ አለ ነው፤ እንዲያውም በዝቶ ነው ያስቸገረው። ስልክ ስትከፍቱ አንዱ ባሩን፣ ማለትም ክብደት የሚጫንበትን ረጅም ብረት፣ በእግሮቹ መሃል አድርጎ ያነሳል። ሌላው በክርኑ ታቅፎት ይነሳል። ሌላው ደግሞ ባለ ስድስት ጎን ብረት ውስጥ ገብቶ ይቆማል። ሁሉም "የኔ ይሻላል" ይላሉ፤ ለማን እንደሚሻል የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

የማምንበትን ቀድሜ ልናገር። ያልተለመደ ዴድሊፍት የሚመረጠው ቪዲዮ ላይ ስላማረ አይደለም። መጀመሪያ መደበኛው ምን ላይ እንዳስቸገራችሁ ትለያላችሁ፤ ወገብ ነው? እጅ ነው? የብረት እጥረት ነው? ከዚያ ለዚያ ችግር መልስ የሚሆነውን አንዱን ትይዛላችሁ። ቢበዛ ሁለት። አምስቱንም በየሳምንቱ እያፈራረቀ የሚሞክር ሰው አንዱንም አይማርም።

ከመቀየራችሁ በፊት የባሩን ከፍታ እዩ

መደበኛው ዴድሊፍት መሬት ላይ ያለን ባር በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ባሩ ያለው ከፊታችሁ ስለሆነ ከሰውነታችሁ በራቀ ቁጥር ወገባችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። አሰልጣኞች "ከቅልጥምህ አታርቀው!" እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የውድድር ትልቁ ፕሌት (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባው ክብ ክብደት) ዲያሜትሩ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ባሩ ከመሬት 22.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በቪዲዮ የምታዩት ትምህርት ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ከፍታ ላይ የተመሠረተ ነው። የሰፈር ጂሞቻችን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትንንሽ የብረት ፕሌት ነው፤ አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ። በየጎኑ ትንሿን 10 ኪሎ ስትጭኑ ባሩ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ያኔ እናንተ መደበኛ ዴድሊፍት እየሠራችሁ ይመስላችኋል እንጂ የምትሠሩት ከዚያ የሚከብደውን፣ በጣም ዝቅ ብሎ የሚጀመረውን ነው። ወገባችሁ የሚጎብጠው በዚህ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከጎሚስታ ሁለት አሮጌ ጎማ፣ ወይም ከእንጨት ቤት ሁለት ወፍራም ጣውላ አምጡና ፕሌቶቹን በላያቸው አስቀምጡ። ባሩ ወደ ቅልጥማችሁ መሃል ከፍ ይበል። ከዚያ ቀለል ባለ ክብደት ጥቂት ሳምንት ሥሩ። ወገባችሁ ዝም ካለ ሌላ ዓይነት መፈለግ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ጎማው ሌላም ጥቅም አለው፤ ብዙ ጂሞች ፎቅ ሥር፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ስለሆኑ ባር ሲወርድ ወለሉንም ጎረቤቱንም ያተርፋል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ በእግር የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም እግር የሚያደነዝዝ ከሆነ፣ ይህ የዓይነት ምርጫ ጉዳይ አይደለም። ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ወይም የምታምኑት ክሊኒክ ሄዳችሁ ሐኪም ይያችሁ። ብረቱ የትም አይሄድም።

በምን እንለካቸው?

አምስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ወገብ ላይ የሚያሳርፈው ጫና። ሁለተኛ፣ ዕቃው ባሕር ዳር ውስጥ ይገኛል ወይ፣ ካልተገኘስ ማሠራት ይቻላል ወይ። ሦስተኛ፣ ምን ያህል ክብደት ይፈልጋል፤ ጂማችሁ ውስጥ ያለው ፕሌት ተደምሮ 100 ኪሎ ካልሞላ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። አራተኛ፣ ያለ አሰልጣኝ ለመማር ይቀላል ወይ። አምስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ ክብደቱ መሃል ላይ አልነሳም ሲል ራሳችሁን ሳትጎዱ መልቀቅ ትችላላችሁ ወይ?

"የቱ ብዙ ጡንቻ ይገነባል" የሚለውን መለኪያ ያላስገባሁት አውቄ ነው። አምስቱም ታፋን፣ ቋንጃን፣ መቀመጫንና ጀርባን ያሠራሉ። ልዩነታቸው በመጠን ነው። ወራት ሳትጎዱ የምትሠሩት፣ አንድ ሳምንት ሠርታችሁ ከተዋችሁት ይበልጣል።

ጄፈርሰን፦ ባሩን በእግር መሃል

ስሙ የመጣው ቻርልስ ጄፈርሰን ከሚባል የሰርከስ ጉልበተኛ ነው። ባሩን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ትቆማላችሁ፤ አንድ እግር ከባሩ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ። አንዱ እጅ ባሩን ከፊት ይይዛል፣ ሌላው ከኋላ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ትነሳላችሁ።

ሲያዩት እንግዳ ነገር ነው፤ ጂም ውስጥ ሰው ዞሮ ማየቱ አይቀርም። ሥራው ግን ምክንያት አለው። ክብደቱ ከፊታችሁ ሳይሆን ከሥራችሁ ስለሆነ ደረታችሁን ቀና አድርጋችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ወገብ ከሚሸከመው የተወሰነውን ታፋ ይረከበዋል። በዚያ ላይ ባሩ መዞር ይፈልጋል፤ እንዳይዞር የምትታገሉት በሆዳችሁና በጎናችሁ ጡንቻ ነው። ይህን ትግል መደበኛው ዴድሊፍት አይሰጣችሁም።

ከዕቃ አንጻር ለኛ ከተማ ይህን የሚያህል የለም። የምትፈልጉት ያንኑ ያለውን ባር ነው። አዲስ ነገር አይገዛም።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚበላሸው አቋቋም ላይ ነው። የፊተኛው እግር ጣት ወደ ፊት ያይ፣ የኋለኛው ወደ ጎን ይዙር። ስፋቱ ከትከሻችሁ ትንሽ ይለፍ። ባሩ በሁለቱ ተረከዞች መሃል፣ ልክ ከዳሌያችሁ ሥር ይሁን፤ ወደ አንዱ እግር ካደላ ስትነሱ ያዘነብላል። ስትነሱ ትከሻችሁ ወደ ፊተኛው እጅ እንዳይዞር። ወንዶች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እጃችሁ አጭር ከሆነ ባሩ መጨረሻ ላይ ብልት ሊነካ ይችላል። በባዶ ባር ቀጥ ብላችሁ ቁሙና የት እንደሚደርስ እዩ።  ከነካ ይህ ዓይነት ለእናንተ አልተሠራም፤ ወደ ሌላው እለፉ።

ድክመቱ አለመመጣጠኑ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሠራችሁ አንዱ ጎን ይለምዳል። ስለዚህ በየዙሩ እግርና እጅ ቀይሩ፣ የዙሩ ቁጥርም ጥንድ ይሁን። መልቀቅም እንደ መደበኛው ቀላል አይደለም፤ ባሩ የሚወድቀው እግሮቻችሁ መሃል ነው። የማትጨርሱትን አትሞክሩ፤ ሁለት ጊዜ ማንሳት የሚያስችል ጉልበት ሲቀራችሁ አቁሙ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ጄፈርሰን ከርል የሚባል ነገር አለ፤ ጀርባን ሆን ብሎ አጉብጦ በቀስታ መውረድና መውጣት ነው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ፈጽሞ ሌላ ሥራ ነው። ቪዲዮ ስትፈልጉ ቀላቅላችሁ በከባድ ክብደት ጀርባችሁን እንዳታጎብጡ።

ዘርቸር፦ ታቅፎ ማንሳት

ኤድ ዘርቸር የአሜሪካዋ የሴንት ሉዊስ ከተማ ጉልበተኛ ነበር፤ ስሙ የገነነው በ1930ዎቹ ነው። በሱ ስም የሚጠራው አነሳስ ባሩን በእጅ ሳይሆን በክርን መታጠፊያ መያዝ ነው። ከመሬት ሲሆን ባሩ ጋ ለመድረስ በጣም ቁጭ ማለት፣ ጀርባንም ማጉበጥ ግድ ይላል።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ከመሬት የሚነሳውን ዘርቸር ለጀማሪ አልመክርም፤ በተለይ ትንንሽ ፕሌት ባለበት ጂም ጨርሶ አትሞክሩት። ባሩን ጉልበት ከፍታ ላይ ባለ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ከዚያ ብትጀምሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ የላይኛው ጀርባ በደንብ ይሠራል፣ ሆድም ይጠነክራል፣ መዳፍ ደግሞ ያርፋል።

ለማን ይሆናል? ኑሮው ዕቃ በማቀፍ ለሆነ ሰው። ገበያ ላይ ኩንታል የሚያነሱ ጫኝና አውራጆችን እዩ፤ ጆንያውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ነው የሚነሱት። ሱቅ ያለው፣ መጋዘን የሚሠራ፣ ልጅ አቅፎ የሚውል ሰው ከዚህ የሚያገኘው ጉልበት ቀጥታ ሥራው ላይ ይውላል። ለዚህ ደግሞ ባር እንኳ አያስፈልግም፤ 25 ኪሎ አሸዋ የሞላ፣ አፉ በደንብ የታሰረ ጆንያ ይበቃል። ጆንያውን ሁለት አድርጋችሁ ደርቡት፣ አለዚያ ይቀደዳል።

በባር ስትሠሩ ክርን ያማል። ፎጣ ጠቅልሉበት፤ ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚተወው በዚሁ ነው፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ያማል። መልቀቁ ግን ቀላል ነው፤ ክንዳችሁን ስትዘረጉ ይወድቃል፣ ብቻ እግራችሁ ከሥሩ አይሁን።

ስናች ግሪፕ፦ እጅን አስፍቶ

ይህ ከመደበኛው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሩን በጣም አስፍታችሁ ትይዛላችሁ። ክብደት አንሺዎች ስናች ሲሠሩ፣ ማለትም ባሩን ከመሬት በአንድ እንቅስቃሴ ከራሳቸው በላይ ሲያወጡ፣ እንደሚይዙት ማለት ነው። እጅ ሲሰፋ ሰውነት ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ መንገዱ ይረዝማል፣ የላይኛው ጀርባና ትከሻ ሥራቸው ይበዛል። ውጤቱ ምንድነው? በመደበኛው የምታነሱትን አታነሱም። ክብደቱ በጉልህ ይቀንሳል።

ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት ሰዎች አሉ። እኔ ለኛ ሁኔታ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው እላለሁ። ጂማችሁ ውስጥ ያለው ፕሌት ሁሉ ተጭኖ 90 ኪሎ ከሆነና እናንተ እሱን 10 ጊዜ የምታነሱ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ ሌላ ጂም መፈለግ ወይም ያለውን ክብደት የሚያከብድ አሠራር መያዝ። ሁለተኛው ወርሃዊ ክፍያችሁን አይጨምርም።

ወገብ ለሚያመው ግን ይህ አይሆንም። ጭራሽ ዝቅ ብሎ ስለሚጀመር ወገብን የሚያሳርፍ ሳይሆን የሚፈትን ነው። የባሩን ከፍታ በጎማ ሳታስተካክሉ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

ሁለተኛው ችግር መዳፍ ነው። በሰፊው ሲያዝ ቶሎ ይለቃል፤ በተለይ ሚያዝያ ላይ፣ የባሕር ዳር ሙቀት እጅን ሲያልብ። ማሰሪያ ያስፈልጋችኋል። ከውጭ የመጣውን መግዛት ግዴታ አይደለም። የሻንጣ ማንገቻ ወይም የመኪና ቀበቶ ዓይነት ጠንካራ ሪባን ይዛችሁ ጫማ ሰፊ ጋ ሂዱ፤ ጫፉን አጥፎ፣ የእጅ አንጓ የሚያስገባ ቀለበት አድርጎ፣ ደጋግሞ ይሰፋላችኋል። ስፌቱን ቀለል ባለ ክብደት ሳትፈትኑ አትመኑት።

ሱትኬዝ፦ ጀሪካን እንደ ማንሳት

አንድ ክብደት በአንድ እጅ፣ ከጎን። ሻንጣ ከመሬት እንደምታነሱት ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ሥራው ያለው ከማንሳቱ ይልቅ አለማዘንበሉ ላይ ነው። ክብደቱ ወደ ጎን ይጎትታችኋል፣ ተቃራኒው የወገብና የጎን ጡንቻ ቀጥ አድርጎ ይይዛችኋል። የመጨበጥ ጉልበትም አብሮ ያድጋል።

ዕቃው ቤታችሁ አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ትንሽ ያልፋል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ክብደቱን በውኃው መጠን ትቆጣጠራላችሁ። በ10 ሊትር ጀምሩ። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ውኃው ስለሚዋልል ከክብደቱ በላይ ያስቸግራል፤ ይህም ጥሩ ነው፣ ግን ጠብቁት። ውኃው ሲቀላችሁ ደረቅ አሸዋ ሙሉበት፤ ያው ጀሪካን ወደ 30 ኪሎ ይሆናል። እጀታው እንዳይቆረጥ ግን ስንጥቅ ያለበትን አሮጌ ጀሪካን አትጠቀሙ።

የጀሪካን እጀታ ከባር ከፍ ስለሚል ዝቅ ማለቱ ያንሳል። ለወገብ ጥሩ ጅማሬ ነው። ሲቀል ደግሞ ጣውላ ላይ ቁማችሁ ዝቅ በሉ።

መስታወት ፊት ሥሩት፣ ከሌለ ጓደኛችሁ ከፊት ቪዲዮ ይቅረጻችሁ። ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ናቸው? ክብደት የያዘው ጎን ከወረደ ብዙ ጭናችኋል ማለት ነው። ባዶው ጎን ከወረደ ደግሞ ከልክ በላይ ወደዚያ ጋደል ብላችኋል። መልቀቁ ከአምስቱ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ እጅ ከፍቶ መተው ነው፣ ከጎናችሁ ይወርዳል።

ድክመቱ ጣሪያው ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ታፋና መቀመጫ ለማሳደግ ብቻውን አይበቃም፤ እግራችሁ ሳይደክም ጎናችሁና መዳፋችሁ ቀድመው ይደክማሉ። በረጅም ባር ይሠራ ከተባለ ደግሞ ሚዛን መጠበቁ ራሱ ሌላ ፈተና ነው፤ ደምቤል (በአንድ እጅ የሚያዘው አጭር ክብደት) ይሻላል።

ትራፕ ባር፦ ብረቱ ውስጥ ገብቶ

ለወገብ ከመረጥን አሸናፊው ይህ ነው። ባለ ስድስት ጎን ብረት ነው፤ መሃሉ ገብታችሁ እጀታዎቹን በግራና በቀኝ ትይዛላችሁ። ክብደቱ ከፊት ሳይሆን ከሰውነታችሁ መስመር ላይ ነው። ደረት ቀና ይላል፣ ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፣ ወገብ ይቀልለዋል። ብዙዎቹ ከፍ ያለ እጀታም ስላላቸው የትንሽ ፕሌቱን ችግር ይቀንሱታል። አል ጄራርድ የሚባል አሜሪካዊ ክብደት አንሺ በ1980ዎቹ የፈጠረው የራሱ ወገብ አስቸግሮት ነበር።

ለመማርም ይቀላል። ባር ከቅልጥም ጋር አይጋጭም፣ ሲያቅትም ባላችሁበት ታወርዱታላችሁ።

ችግሩ ዕቃው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሁሉም ጂም የለውም። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ገብታችሁ ጠይቁ፤ "አለን" ካሉ አሳዩኝ በሉ። ከሌለ ደግሞ ብየዳ ቤት ማሠራት አለ። ተሰባስባችሁ፣ አራት አምስት ሆናችሁ ብታዋጡ የሚቻል ነገር ነው፤ የጂም ባለቤትም ብትጠይቁት የሚያወጣው ወጪ ብዙ አይደለም።

በያጁ ትራፕ ባር ሠርቶ ላያውቅ ይችላል፤ መስኮትና በር ሠርቶ ግን ያውቃል፣ ማዕዘን መጠበቅ ይችላል። ንገሩት፦ ብረቱ ቀጭን ቱቦ አይሁን፣ ድፍን ወይም ወፍራም ይሁን። ፕሌት የሚገባበት ጫፍ ጂማችሁ ያለው ፕሌት ቀዳዳ ጋር ይግጠም፤ የኦሎምፒኩ ቀዳዳ 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ ተራው ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ አንድ ፕሌት ይዛችሁ ሂዱ። እጀታዎቹ ትይዩ፣ ከፍታቸው እኩል፣ ውፍረታቸው የተለመደውን ባር ያህል፣ ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሁለት እጀታ ልክ መሃል ላይ ካልተቀመጠ ስታነሱት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይደፋል። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሳይሆን ዙሪያውን ሙሉ ይሁን፤ እዚህ ላይ እንዳይቆጥብ ቆማችሁ እዩ። ሲያልቅ ባዶውን ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ኪሎውን ጻፉበት፣ ከዚያ ከምታነሱት በላይ ጭናችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ በየጎኑ ከፍ ዝቅ አድርጉት። የተሰነጠቀ ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ብየዳ ቤት ይመለስ። ቀለም መቀባቱም ግድ ነው፤ ክረምት ላይ የጣና እርጥበት ያልተቀባ ብረት ያዝጋል።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ

ከኋላ የሚነሳው ሃክ ሊፍት በጆርጅ ሃከንሽሚት ስም ይጠራል፤ ከ1877 እስከ 1968 የኖረ ታላቅ ታጋይ ነው። ባሩ ከኋላ ቋንጃንና መቀመጫን እየፋቀ ይወጣል። ጄፈርሰን እያለ እሱን የምመርጥበት ምክንያት አላየሁም። ሱሞ (እግርን በጣም አስፍቶ፣ እጅን ከጉልበት ውስጥ አድርጎ ማንሳት) እና ሮማኒያን (ከቆሙበት መቀመጫን ወደ ኋላ እየገፉ ባሩን ዝቅ ማድረግ) ያልተለመዱ ስላልሆኑ እዚህ አላስገባኋቸውም፤ ወገቡ ደህና ሆኖ ቋንጃው ደካማ የሆነ ሰው ግን ከአምስቱም በፊት ሮማኒያንን ይሞክር።

በአንድ እይታ

| ዓይነት | ወገብ ላይ ጫና | ዕቃና ወጪ | የሚፈልገው ክብደት | ያለ አሰልጣኝ መማር | መልቀቅ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጄፈርሰን | መካከለኛ | ያለው ባር፤ ወጪ የለውም | መካከለኛ | መካከለኛ | ጥንቃቄ ይፈልጋል |
| ዘርቸር (ከጉልበት ከፍታ) | መካከለኛ | ባር ወይም ጆንያ፤ ትንሽ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ፤ ክርን ያማል | ቀላል |
| ስናች ግሪፕ | ከፍተኛ | ያለው ባር፣ ማሰሪያ፤ ትንሽ ወጪ | ዝቅተኛ | ከባድ | ቀላል |
| ሱትኬዝ | ዝቅተኛ | ጀሪካን ወይም ደምቤል፤ ወጪ የለውም | በጣም ዝቅተኛ | ቀላል | በጣም ቀላል |
| ትራፕ ባር | ዝቅተኛ | ብየዳ ቤት ወይም ያለው ጂም፤ ከሁሉ ውድ | ከፍተኛ | ቀላል | ቀላል |

ለማን የቱ?

ገንዘብ የለኝም፣ ጂምም አልገባም ለሚል፦ ሱትኬዝ በጀሪካን፣ ከዚያ የአሸዋ ጆንያ እየታቀፉ ማንሳት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ወይም ፖሊ ካምፓስ ዶርም ውስጥ ያለ ተማሪም ይህን መሥራት ይችላል። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ለወራት ይበቃሉ።

ባጃጅ ነጂ፣ ወይም ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው፦ ወገባችሁ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ውሏል። ከሥራ እንደወጣችሁ ከመሬት ከባድ ነገር አታንሱ። ትንሽ ተራመዱ፤ የጣና ዳር መንገድ ቅርብ ነው። ከዚያ ትራፕ ባር ካለ እሱ፣ ከሌለ ሱትኬዝ። ጄፈርሰንን ሁለት ሦስት ወር ቆይታችሁ ጨምሩ።

ያለው ባር ብቻ የሆነ፣ መደበኛው የሰለቸው ግን ሕመም የሌለበት፦ ጄፈርሰን። ሳይታክት የሚሠራ ሰው ይህን ይወደዋል።

ጉልበቱ ከጂሙ ፕሌት ያለፈ፦ ስናች ግሪፕ። ሌላ የሚወዳደረው የለም።

ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች፦ ትራፕ ባር ለእግር፣ ሱትኬዝ ለጎን። ከባዱን ዴድሊፍት ከልምምድ ወይም ከጨዋታ በፊት ባለው ቀን አትሥሩ፤ እግር ይዞ ይጠብቃችኋል።

ትልቅ ቁጥር ማንሳት የሚፈልግ፦ እናንተ መደበኛው ላይ ቆዩ። እንግሊዛዊው ጉልበተኛ ኤዲ ሆል በ2016 500 ኪሎ ያነሳው፣ አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሰን በ2020 501 ያደረገው በመደበኛው አቋቋም ነው። የፓወርሊፍቲንግ (የከባድ ክብደት ማንሳት) ውድድር የሚቆጥረው መደበኛውንና ሱሞን ነው፤ በጄፈርሰን ያነሳችሁት ውጤት አይመዘገብም። ያልተለመደውን እንደ ተጨማሪ፣ ከዋናው ሥራ በኋላ አስገቡት።

አጀማመሩ

በመደበኛው ከምታነሱት ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ጫኑ። ሱትኬዝና ዘርቸር ከዚያም ባነሰ ይጀመሩ። 5 ጊዜ፣ 4 ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፤ በሁለቱ መሃል ቢያንስ ሁለት ቀን እረፍት። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ከመሰለ በሚቀጥለው ሳምንት 2.5 ወይም 5 ኪሎ ጨምሩ። ካልመሰለ ባላችሁበት ቆዩ። ዐቢይ ጾም ላይ ባዶ ሆዳችሁን የምትሠሩ ከሆነ ክብደት አትጨምሩ፤ ያለውን መጠበቅ በራሱ በቂ ነው፣ ከተቻለም ሥራውን ከምግብ በኋላ አድርጉት።

የመረጣችሁትን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስጡት። በመሃል የጡንቻ ድካም ይኖራል፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ ወይም በሚቀጥለው ሥራ ቀን ያልለቀቀ ሕመም ካለ ግን ክብደቱን ቀንሱ፤ ሳምንት ቆይቶም ካለ ያ ዓይነት ይቅርና ከሠንጠረዡ ወገብ ላይ ዝቅተኛ ጫና ያለውን ያዙ።